በቅሎዋም ጭብጦዋም ያለ ፍርድ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል ያገሬ ሰው። በቅሎ በዚያ ዘመን የሀብትም የክብርም መለኪያ ነበረች፤ ጭብጦ ደግሞ የመንገደኛ ስንቅ ናት፣ ከእፍኝ አትበልጥም። ሆኖም ባላገሩን የሚያንገበግበው በዳኛ ፊት ተሟግቶ፣ ተረትቶ ያጣት በቅሎ አይደለችም፤ ጉልበተኛ የነጠቀው ጭብጦ ናት። ይህን ብሂል የፈጠረ ሕዝብ ስለ ፍትሕ ምንነት ከጄኔቫ በሚላክ አሠልጣኝ ሊማረው የሚችለው ነገር እምብዛም የለም።

ይህ ብሂል ደጋግሞ ትዝ የሚለኝ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በተጋበዝኩባቸው የ«ሽግግር ፍትሕ» ዐውደ ጥናቶች ላይ ነው። አዳራሹን አንባቢ ያውቀዋል። ከመድረኩ በላይ ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ የውኃ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ባለሙያው «ምሰሶዎቹ አራት ናቸው» ብሎ ይጀምራል፤ ከሻይ ዕረፍት በኋላ የቡድን ውይይት ይደረጋል፤ በመጨረሻም ውሎ አበል ይፈረማል። ይህ ጸሐፊም ፈርሞ ተቀብሏል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰነዝረው ወቀሳ እኔንም አይምረኝም። እኔ በተቀመጥኩባቸው በእነዚያ አዳራሾች ስለ ተጎጂ ያልተባለ ነገር አልነበረም። ተጎጂው ራሱ ግን ከግድግዳው ላይ ካለው ፎቶግራፍ ውጭ አልነበረም።

ስለ ተጎጂ ከተነሣ እኔ በቅርብ የማውቃት አንዲት ሴት አለች። አያቴ ናት። የመጨረሻ ልጇን፣ አጎቴን፣ በ1970 ዓ.ም. ከደጇ ወሰዱባት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እኔ ገና አልተወለድኩም። ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ስለነበረ አልተለቀሰለትም፤ ሬሳውም አልተሰጣትም። እንደ ብዙዎቹ እናቶች የተገደለበትን የጥይት ዋጋ ክፈይ አልተባለችም። ይህንንም እንደ ጉድለት ትቆጥረው ነበር። «የጥይቱን የከፈሉትማ ሬሳ አግኝተዋል» ትል ነበር። ደርግ ወድቆ የጅምላ መቃብሮች ሲቆፈሩ፣ ከአርጀንቲና የመጡ የዐፅም ምርመራ ባለሙያዎች ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር በሚሠሩበት ወቅት፣ የሸሚዙን ቀለም በቃሏ ይዛ ከአንዱ ቁፋሮ ወደ ሌላው ተንከራተተች። አላገኘችውም።

በ1996 ዓ.ም. ልጇን ከቤት ካወጡት ሰዎች አንዱ፣ የእስራት ዘመኑን ጨርሶ ወደ ሰፈራችን የተመለሰ ጎረቤት፣ ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። ወንበር ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። አያቴ ብዙ አልተናገረችም። «ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ የት ነው የጣላችሁት?» አለችው። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ «እትዬ፣ እኔ ታዝዤ ነው፤ ከበር አድርሼ ተመለስኩ» አለ። ልትደግምለት አፏን ስትከፍት ሽማግሌዎቹ ጣልቃ ገቡ። «በቃ፣ አሁን ያለፈውን አናንሣ፤ ዕርቁ እንዳይበላሽ» አሉ። ቡና ተፈላ። ተመረቀ። እኔም የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ፣ የተማርኩ ሰው፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ስኒ አቀበልኩ።

የዚህች ሀገር የሽግግር ፍትሕ ታሪክ በሙሉ በዚያች ሳሎን ውስጥ አለ። ይቅርታ ተጠየቀ፤ ይቅርታ ተሰጠ፤ እውነቱ ግን ተከለከለ። የከለከለውም በዳዩ ብቻ አይደለም። ዕርቅ እንዳይበላሽ የተጨነቅን እኛ ነን።

*

«ታዲያ የደርግ ባለሥልጣናት ተፈርዶባቸው የለም ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በእርግጥ ተፈርዶባቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ዋናው ችሎት ተሰየመ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌለበት፣ ሌሎቹም ሹማምንት፣ በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተባሉ። በዚያው ዓመት ጥር የዕድሜ ልክ እስራት ተወሰነባቸው፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። በጠቅላላው ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች ተከሰሱ። አንድ አፍሪካዊ መንግሥት የቀድሞ ሥርዓትን መሪዎች በራሱ ፍርድ ቤት፣ በራሱ ሕግ፣ ለዚያውም በ1949 ዓ.ም. በወጣ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ለፍርድ ማቅረቡ ትልቅ ነገር ነበር። ያ አንቀጽ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትም በዘር ማጥፋት የሚያስጠይቅ ነበርና፣ ከዓለም አቀፉ ስምምነት አንድ እርምጃ ቀድሞ ሄዷል። ይህን አሳንሶ ማየት አይገባም።

ነገር ግን ሦስት ነገሮች እንመርምር።

አንደኛ፣ ችሎቱ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። አያቴ ሚያዝያ 1998 ዓ.ም. ስታርፍ ፍርዱ ስምንት ወር ይቀረው ነበር። እንደ እርሷ ፍርዱን ሳይሰሙ ያለፉ እናቶችን ማን ቆጠራቸው?

ሁለተኛ፣ የሞት ፍርዱ በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያም ብዙዎቹ ሹማምንት በአመክሮ ተፈቱ። ከዚያ አስቀድሞ የሃይማኖት አባቶች ይቅርታ እንዲደረግ ሸምግለው ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ሰውን ያለ ፍርድ የመግደል፣ በአስገዳጅ የመሰወርና የማሠቃየት ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም፣ በምሕረትም ሆነ በይቅርታ አይታለፉም ይላል፤ የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥን ብቻ ይፈቅዳል። የሕጉ ፊደል ተከብሯል ብለን እንስማማ። እኔ ሽማግሌ በመደፈት ልቤ አይደነድንም፤ አረጋውያን እስር ቤት ይሙቱም አልልም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ሲፈቱ በምላሹ ምን ሰጡ? የሰጡት አንድ የመቃብር ቦታ አለ ወይ? የጠየቀስ አለ ወይ?

ሦስተኛውና ዋናው፣ ዳኝነቱ የአንድ ወገን በደል ብቻ እንዲያይ ተደርጎ የተሰፋ ነበር። የልዩ ዐቃቤ ሕጉ ሥልጣን በደርግና በኢሠፓ ሰዎች ተወሰነ። በጫካ ዘመን በታጣቂዎች የተፈጸመውን የሚያይ ዓይን አልተሰጠውም። አሸናፊ ከሳሽ ሲሆን ፍርዱ እውነት ቢሆን እንኳ ትምህርቱ ሐሰት ይሆናል፤ «ግፍ ማለት የተሸነፈ ሰው ሥራ ነው» የሚል ትምህርት። ትምህርቱም ሥራውን ሠርቷል። የደርጉ ችሎት ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም.፣ በዚያው በአዲስ አበባ አደባባዮች ሰዎች በጥይት ወደቁ። ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን መዘገበ፤ ሰብሳቢውም ያገኙትን እውነት ይዘው ሀገር ጥለው ወጡ። የትናንቱን ነፍሰ ገዳይ የሚዳኝ መንግሥት በዚያው ሰሞን ስለ ራሱ ጥይት እውነቱን የተናገረውን ሰው አሰደደ።

*

ከዚያ 2010 ዓ.ም. መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሰኔ ወር በምክር ቤት ቆመው መንግሥት ዜጎቹን ማሠቃየቱን፣ ይህም የሽብር ተግባር መሆኑን ሲናገሩ ብዙዎቻችን አለቀስን። ማእከላዊ ተዘጋ። በአዋጅ ቁጥር 1102/2011 የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን ተቋቋመ፤ አርባ አንድ የተከበሩ ሰዎች ተሰየሙለት። ለሦስት ዓመት ኖሮ በ2014 ዓ.ም. ዘመኑ አበቃ። አንባቢዬን ልጠይቅ፤ ከዚያ ኮሚሽን አንድ የተጎጂ ቃል ሰምተሃል? አንድ በአደባባይ የተነበበ ስም ታስታውሳለህ? ኮሚሽኑ በሕይወት ሳለ ሀገሪቱ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ወደ ጀመረው ጦርነት ገባች፤ የዕርቅ መሥሪያ ቤታችንም ያለ ድምፅ እንደ ተወለደ ያለ ድምፅ ሞተ።

የጦርነቱን በደል ለመዘርዘር ይህ ገጽ አይበቃም። ማይካድራ፣ አክሱም፣ ጭና፣ ቆቦ፤ ከዚያ ጦርነት ውጭም ጊምቢ ቶሌ። አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ስሞች ስታነብ ከመካከላቸው አንዱ ላይ ልብህ ቆሞ ሌሎቹን ዘልለህ ካለፍክ፣ የምጽፈው ስለ አንተ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ሁለቱ ተዋጊ ወገኖች ሲፈራረሙ በአንቀጽ 10 ላይ መንግሥት ተጠያቂነትን፣ እውነትን፣ ለተጎጂዎች ካሳን፣ ዕርቅንና ፈውስን ያካተተ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንደሚያወጣ ተጻፈ። የባለሙያዎች ቡድን ተቋቋመ፤ የአማራጮች ሰነድ ተዘጋጀ፤ በየክልሉ ምክክር ተደረገ። ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፖሊሲውን አጸደቀ። ሰነዱን አንብቤዋለሁ፤ መጥፎ ሰነድ አይደለም። ልዩ ችሎት፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግ፣ የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን፣ የተቋማት ማሻሻያ፤ ሁሉም አለበት። የወረቀት ድኽነት የለብንም።

ነገር ግን ፖሊሲው በምን ቀን ጸደቀ? በጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በመርዓዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጿል። ከጥር 20 እስከ ሚያዝያ 9 ቁጠሩ፤ ሰማንያ ቀን ነው። የመርዓዊ እናቶች የሰማንያውን ተዝካር በሚያወጡበት ሰሞን፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ገና ሳይነሣ፣ ካቢኔው ስለ «ያለፉ» በደሎች ተወያይቶ አጸደቀ ማለት ነው። «ያለፈ» የሚለው ቃል እንዲህ ሲቀልድብን አይቼ አላውቅም። ሽግግር ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር መሻገር ነው፤ ወንዙ መሃል ቆመን እየተጋደልን «ስንሻገር እንዲህ እናደርጋለን» ብሎ ፖሊሲ መጻፍ ግን ሌላ ስም ይፈልጋል።

*

በተቃራኒው የሚቀርቡትን ሁለት ክርክሮች አውቃቸዋለሁ። ሁለቱም ከክፉ ልብ ብቻ የሚወጡ ስላልሆኑ መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «ሰላም ይቅደም፤ ታጣቂውን በፍርድ ካስፈራራኸው መሣሪያውን አያወርድም» የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው። ድርድር ላይ ያለን ሰው ሁሉ ነገ ትታሰራለህ ማለት ጦርነትን ሊያራዝም ይችላል። ነገር ግን ይህ ክርክር ክስን ያዘገይ ይሆናል እንጂ እውነትን አያዘገይም። ምስክር ይሞታል፤ ሰነድ ይቃጠላል፤ ዐፅም ይበሰብሳል። የተሰወሩትን ስም መመዝገብ፣ የተደፈሩትን ሴቶች ማከምና ቃላቸውን በክብር መቀበል፣ መቃብሮችን ማጠርና መጠበቅ የትኛውን ድርድር ያፈርሳል? ፍርዱን ለነገ አሳድሩት እንበል። ማስረጃውን ለነገ ያሳደረ ግን ፍርዱን ሰርዞታል።

ሁለተኛው «ደቡብ አፍሪካን ተመልከት፤ ይቅር ተባብለው አለፉ» የሚለው ነው። ይህን የሚሉን ሰዎች ደቡብ አፍሪካን የሚያውቋት በዴዝሞንድ ቱቱ እንባ ብቻ ነው። እዚያ ምሕረት በነጻ አልታደለም። ምሕረት የሚሻ ሰው ያደረገውን ሳይሸሽግ በአደባባይ መናገር ነበረበት። ከ7,000 በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ የተማሩት 849 ብቻ ናቸው። እዚያም ቢሆን ያልተማሩት ሰዎች ጉዳይ ለዐቃቤ ሕግ ተላልፎ ተዳፍኖ ቀረ፤ የሟች ቤተሰቦች ግን አልተኙም። በ2017 ዓ.ም.፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ራማፎሳ እነዚያን ክሶች ማን እንዳስቆማቸው የሚያጣራ ኮሚሽን ለማቋቋም ተገደዱ። እንግዲህ ምሳሌ አድርገን የምንጠራት ሀገር የምታስተምረን «እርሱት» የሚለውን አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለውን የራሳችንን ነገር ነው።

ተጎጂ አፉን ሲከፈትለት ምን እንደሚሆንም ከራሳችን ሰዎች ማየት ይቻላል። በአሜሪካ በአትላንታ ከተማ አንዲት ኢትዮጵያዊት በምትሠራበት ሆቴል ውስጥ በቀይ ሽብር ያሠቃያትን ሰው አየችው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ከሰሰችው። ሦስቱም ሴቶች በዳኛ ፊት ቆመው የሆነባቸውን በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ተፈረደላቸው። ከሳሾቹ እነርሱ ነበሩ። መንግሥት አልነበረም፤ አሸናፊ ፓርቲም አልነበረም። በዚያ ችሎት ሦስት ሴቶች ካገኙት ክብር እኩሌታውን እንኳ አያቴ በሀገሯ አላገኘችም።

*

ወደ ራሳችን፣ ማለትም ተማርን ወደምንለው፣ ልመለስ። ባለፈው ዓመት በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎቼን ስም ሳይጽፉ ሁለት ጥያቄ እንዲመልሱ ጠየቅሁ። አንድ፦ በወገኔ ላይ ተፈጽሟል የምትሉትን አንድ ግፍ ጻፉ። ሁለት፦ በወገኔ ስም በሌላው ላይ ተፈጽሟል የምትሉትን አንድ ግፍ ጻፉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ወረቀቱን ሞልቶ ወደ ጀርባው ተሻገረ፤ ቀን፣ ቦታ፣ የሟች ብዛት። ለሁለተኛው አብዛኞቹ ባዶ ትተውታል። አንዱ «የለም» ብሏል። አንዲት ወይም አንድ ተማሪ ደግሞ «ሰምቻለሁ፤ ግን ማመን አልፈልግም» ብሎ ጽፏል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ተስፋ የሰጠኝ ይህ ብቻ ነው፤ ቢያንስ ሐቀኛ ነው።

እነዚህ ልጆች ይህን ከየት ተማሩት? ከእኛ ነው። በዋሽንግተን ሻማ የምናበራው ለራሳችን ሙታን ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ መግለጫ የምንፈርመው የገዳዩን ማንነት ካየን በኋላ ነው። በአንድ ሀገር ሁለት ዓይነት ሬሳ ፈጥረናል፤ የሚለቀስለትና «ይጣራ» የሚባልለት። ይህ እያለ ልዩ ችሎት ቢቋቋም፣ አንዱ ወገን ሲፈረድበት ሌላው እልል የሚልበት ሌላ የእግር ኳስ ሜዳ ይሆናል።

«እሺ፤ ምን ይሁን ነው የምትለው?» ለተባለ፣ መልሴ አጭር ነው።

አንደኛ፣ ከሁሉ በፊት የተሰወሩ ሰዎች መዝገብ ይከፈት። ከ1966 ዓ.ም. እስከ ዛሬ፤ ዘር ሳይለይ፣ የገዳይ ፓርቲ ሳይጠየቅ። ምሕረት የሚፈልግ ሁሉ ዋጋው መቃብሩን ማሳየት ይሁን። ያላሳየ አይማር።

ሁለተኛ፣ ዳኛና ዐቃቤ ሕግ የሚሾመው ዛሬ ታጣቂ ከሚያዝ እጅ ውጭ ይሁን። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫው እዚሁ ከተማችን ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም አለው። ከኅብረቱ የሚመጡ ዳኞች ከእኛ ዳኞች ጋር አብረው ይሰየሙ። ሉዓላዊነታችን ተነካ የሚል ካለ፣ የውጭ ወታደር ገብቶ ዜጎቻችንን ሲገድል ሉዓላዊነቱ የት ነበር?

ሦስተኛ፣ የኤርትራ ሠራዊት የፈጸመው በደል «በእጃችን የሉም» ተብሎ አይተው። የፕሪቶሪያን ስምምነት አልፈረሙም፤ ከእውነቱ ግን አያመልጡም። መንግሥቱን ሐራሬ ተቀምጦ በሌለበት የዳኘን ሰዎች በሌሉበት መዳኘት እንዴት እንደሆነ እናውቃለን።

አራተኛ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በሰብእና ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ሳይደነግግ ቀርቷል። ይህ ጉድለት ሳይሞላ የሚሰየም ችሎት ባሕር በሚያህል ግፍ ላይ በማንኪያ የሚፈርድ ነው። የደርጉ ችሎት የሰበሰበው እጅግ ብዙ ሰነድም ለተጎጂ ቤተሰቦችና ለተመራማሪዎች ይከፈት። ልጁን የት እንደጣሉት ለማወቅ የሚሻ አባት የሰባ ዓመት አዛውንት ሆኖ በየቢሮው ደጅ አይጥና።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል ይባላል። ከአንድ ወር ጦርነት ይበልጣልን?

በሀገራችን ልጅ የሞተበት ሰው ቀጥሎ ለሚወለደው ምትኬ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ ብሎ ስም ያወጣል። ዳኛ ያልካሰውን ወላጅ በስም ይክሳል፤ መንግሥት ያልመለሰለትን በሕፃን ይተካል። እኔም ከነዚህ ስሞች አንዱን ተሸክሜ አርባ ሰባት ዓመት ኖሬአለሁ። አጎቴ የት እንደወደቀ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። አያቴ የጠየቀችው ጥያቄ ቡናው ሳይቀዘቅዝ የተዳፈነባት ዕለት ዝም ብዬ ስኒ ማቀበሌን አልረሳውም። እርሷ ቅጣት አልጠየቀችም፤ ካሳም አልጠየቀችም። «የት ነው የጣላችሁት?» ብቻ ነው ያለችው። ማንኛውም የሽግግር ፍትሕ ሰነድ በቅድሚያ ይህችን ጥያቄ የማይመልስ ከሆነ፣ ዛሬም አንድ ሽማግሌ ከወንበሩ ተነሥቶ «ያለፈውን አናንሣ» እንዳለ ይቆጠር።

በዚህ ጊዜ ግን ወንበር የምናቀርበው ሰዎች ዝም ባንል ይሻላል።

ቸር እንሰንብት።